የማይሰማ ሾፌር የዘይት ጌጅ

መኪናው ወታደር ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ተራ በተራ ተሰናብተን ንፋስ መውጫ ላይ ተገናኘን። እሱን እኔ ከጨረታ አወጣሁት፤ እኔን ደግሞ ባለቤቴ አወጣችኝ። አረንጓዴ ቀለሙን በሰማያዊ ካስቀየርኩት ቆይቷል፤ በዚህ ዘመን አረንጓዴ ጭነት መኪና ይዞ መዞር ጤና አይደለም። ቀለሙ ተቀየረ እንጂ አመሉ ያው የወታደር ነው። የጋቢናው ወንበር ወገብ ይፈጃል፣ መሪው ትከሻ ይበላል፣ ሞተሩ ሲነሣ ጎረቤቱን ሁሉ ያባንናል። በዚህ መኪና የጋይንትን ገብስ ወደ ደብረ ታቦር፣ የእስቴን ጤፍ ወደ እኛ፣ የስማዳን ማሽላ ወደ ደጋው ሳመላልስ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ረዳት ቀጥሬ አላውቅም። ልጃችን አግብታ ባሕር ዳር ከገባች በኋላ ባለቤቴ "ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ አንተን እያየሁ ብውል ይሻለኛል" ብላ ጋቢና ገባች፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደችም። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች ሚስቱን ረዳት ያደረገ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። እሷ ጎማ ሥር ድንጋይ ስትጥል፣ ሸራ ስትወጥር፣ ከኬላ ጠባቂ ጋር ስትከራከር ያየ ሰው ሁለተኛ አይስቅም።

ጆሮዬ መድከም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። መድፉ ይሁን ይኸው ሞተር፣ የትኛው እንደበላው አላውቅም። የድሮ ሾፌር ሞተሩን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ የዘይቱ ግፊት ሲወርድ ድምፁ ይደርቃል፣ ከሥር ማንኳኳት ይጀምራል፣ ያኔ ቶሎ ካላጠፉት አለቀለት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት መለኪያ ከሠራዊቱ ሲወጣም የሞተ ነበር። ስለዚህ መለኪያዬ ጆሮዬ ሆኖ ኖረ፤ ጆሮዬ ሲከዳኝ ባለቤቴ ተተካች። "ድምፁ እንዴት ነው?" ስላት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥና በእጇ ትነግረኛለች። መዳፏ ከተዘረጋ ደህና ነው፤ ከጨበጠችው አቁም ማለት ነው።

አምና ከዐቢይ ጾም በፊት አረፈች። ሐኪም ሕመሟን ሲነግረን ጊዜው አልፎ ነበር፤ ተኝታ ብዙም አልቆየች። ከቀብሩ በኋላ መኪናውን ግቢዬ ውስጥ አቆምኩት። ባትሪው እንዳይሞት አልፎ አልፎ አስነሣዋለሁ እንጂ ከበር አልወጣሁም።

ጆሮ የደከመ ሰው ብቸኝነት የሚብስበት ሰው መሃል ነው። ዕድር ላይ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሲያዝኑ አዝናለሁ፤ በምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አንድ ጊዜ የሰፈሬ ሰው የወንድሙን መሞት ሲነግረኝ ሰላምታ መስሎኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ሰውዬው እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ወጥቼ ከምዋረድ ብዬ ቤቴን ዘግቼ መዋል ለመድኩ። ማታ ማታ ራቴን ቆሜ እበላለሁ። ለአንድ ሰው ገበታ ማቅረብ ደስ አይልም።

ልጄ ለእናቷ የሰማንያ ቀን ተዝካር የመጣች ጊዜ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እጄን ይዛ፣ "አባዬ፣ አጠገብህ የሚሰማልህ ሰው ሳይኖር እንዳትነዳ። አለዚያ ሽጠውና እኛ ጋ ና" አለችኝ። ባሏ ጥሩ ሰው ነው። ቢሆንም የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጬ የማልሰማውን ቴሌቪዥን ሳይ ታየኝ። "እሺ አስብበታለሁ" ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሳንተያይ ከረምን፤ በስልክ ብቻ ሆነ።

ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። ደብረ ታቦር ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ የዘይት ጌጅ ገዛሁ። ከሻይ ብርጭቆ አፍ ብዙም የማይሰፋ ክብ ነገር ነው፤ መስታወት አለው፣ ነጭ ገጽና ቀይ መርፌ አለው፣ ከጀርባው እንደ ስንደዶ የቀጠነ የመዳብ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ሞተሩ ጎን ላይ ይታሰራል፤ ዘይቱ ራሱ በቱቦው መጥቶ መርፌውን ይገፋል። ጆሮ አያስፈልገውም፤ ዓይን ካለ ይበቃል። ይህ ጌጅ ከሠራ ከመንገዴ ማንም አያወጣኝም፤ ካልሠራ መኪናው ይሸጣል፣ እኔም ባሕር ዳር ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር።

በግንቦት አንድ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። የሞተውን የድሮ መለኪያ ጫፍ ከሞተሩ ጎን ለመፍታት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ወታደር ያሰረውን ቡሎን ወታደር እንኳ አይፈታውም። በናፍጣ አርሼ፣ መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቼ፣ ስሳደብ ስጸልይ በመጨረሻ እሺ አለኝ። ከዚያ ደግሞ የጌጁ ጥርስ ክር የሌላ አገር ሆኖ ተገኘ፤ መኪናው ከአንድ አገር፣ ጌጁ ከሌላ አገር፣ ሁለቱ አይግባቡም። ሱቁ የሰጠኝ የነሐስ ማገናኛ ገባ፤ ግን ትንሽ ይላወሳል። ክሩ ላይ የሚጠቀለል ነገር ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ነው ጎበዝ ነኝ ያልኩት። ባለፈው ክረምት የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቧንቧ አፉ ላይ ሲያንጠባጥብ ክሩን ጧፍ ጠቅልዬ አስሬው ነበር። ጧፍ የጥጥ ፈትል ነው፣ በላዩ ሰም አለበት፤ ፈትሉ ይሞላል፣ ሰሙ ይዘጋል። ቧንቧው እስከ ዛሬ ጠብ አላለም፤ የግቢው ዲያቆናት ሁሉ መርቀውኛል። ቤቴ ውስጥ ለሚካኤል የገዛሁት ጧፍ ስለነበረ ከእሱ ቆረጥኩና ማገናኛውን በደንብ ጠቀለልኩት። ጥብቅ አለ። እጄን ጠራርጌ ራሴን አመሰገንኩ።

ቱቦውን ወደ ጋቢና ለማሳለፍ ቆርቆሮውን በሳሁ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ መዳቡን እንዳይቆርጠው ከአሮጌ በረባሶ ጫማ ጎማ ቆርጬ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩ። ጌጁን ዳሽቦርዱ መሃል ላይ በሽቦ አሰርኩት። እስከዚህ ድረስ ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን አይደለም። ሞተሩ ሲነሣ አንዱ ጋቢና ሆኖ መርፌውን ያያል፣ ሌላው ኮፈን ሥር ሆኖ ዘይት ያፈስስ እንደሆነ ያያል፤ ካፈሰሰም ይጮኻል። እኔ አንድ ነኝ፤ ቢጮኹልኝም አልሰማም። ስለዚህ አስነሣለሁ፣ ዘልዬ እወርዳለሁ፣ ዞሬ እሮጣለሁ፣ ኮፈን ሥር አያለሁ፤ ስመለስ ሞተሩ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ ስታየኝ ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም። በስንት መከራ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሠራ፤ ማገናኛው ደረቅ ነው፤ ቀዩ መርፌ ተነሥቶ ከመሃል በላይ ቆመ። ጮቤ ረገጥኩ። ዞር ብዬ "አየሽው?" አልኩ። ጋቢናው ውስጥ ማንም አልነበረም። ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሲነጋ የዘር ገብስ ጭኜ ወደ ታች ጋይንት ወጣሁ። እንደ ወጉ መንገደኛው ጭነቱ ላይ ተሳፈረ። ጋቢና እንግባ ያለኝን ሁሉ "ተይዟል" አልኩት። በማን ተያዘ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ባዶነቱን እያዩ ያልፉኝ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ወደ ደብራቸው ወደ ቤተ ልሔም የሚመለሱ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ጥምጣማቸው የነጣ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፤ ባለቤቴ ሳለችም ተሳፍረውልን ያውቃሉ። እሳቸው ጋቢና አልጠየቁኝም። ሰዎች ደግፈው ጆንያው ላይ አወጧቸው። አፍሬያለሁ፤ ግን አስነሥቼ ሄድኩ።

ደጋው ላይ ብርድ ስለነበረ መርፌው እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከመንገዱ ይልቅ እሱን ነበር የማየው። ቁልቁለቱን ወርደን ሙቀቱ ሲመጣ፣ ሞተሩም ሲግል፣ መርፌው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ደርሶ ተኛ። መኪናውን ዳር አስይዤ አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። የሞተሩ ጎን በዘይት ተነክሯል። ማገናኛው ሥር የጧፉ ፈትል ራቁቱን ተንጠልጥሏል፤ ሰሙ ቀልጦ ወርዷል።

የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧና የጋለ ሞተር ለየቅል መሆናቸውን አርባ ዓመት የነዳ ሾፌር እንዴት ይረሳል? ጧፍ በሙቀት እንደሚቀልጥ ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን የሄደ ልጅ ሁሉ ያውቃል። መምህሩ ከጭነቱ ወርደው በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡና ወደ ሞተሩ አጎንብሰው አዩ።

"ይሄ ጧፍ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

"ነው፣ የኔታ።"

"ሞተርህ ምን ስለት አለበት?"

ሳቅኩ። ሳቄ ራሴን አስደነገጠኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ልብ አልኩ፤ ያሉትን ሁሉ ሰምቻቸዋለሁ። ዕድሜ ልኩን ድጓ ያስተማረ ጉሮሮ ሳይጮኽ ይሰማል። በዓመቱ ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ ጆሮዬ የገባ ሰው የለም።

የኔታ ከከረጢታቸው የልብስ ሳሙና አውጥተው ሰጡኝ። የነዳጅ ታንክ ሲቀደድ ሳሙና እንደምንለጥፍ ያውቃሉ፤ ስንት መንገድ ላይ አይተዋል። ማገናኛውን ፈትቼ ጠርጌ፣ ከጋቢዬ ጫፍ ፈትል መዝዤ፣ ሳሙና አሽቼ ጠቅልዬ መልሼ አሰርኩ። የጎደለውን ዘይት ከጄሪካን ሞላሁ። ሳስነሣው አንዲት ጠብታ አልወጣም። ጥፋቱ የጧፉ ብቻ በመሆኑ ደስ ብሎኝ፣ የኔታን ጆንያ ላይ መልሶ ማውጣት ነውር ስለሆነብኝ፣ የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው።

ትንሽ እንደሄድን መርፌው እንደገና ወረደ። ዘይት አልፈሰሰም፤ እሱ ግን ይወርዳል። መስታወቱን በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት። "የገበያ ዕቃ!" አልኩ።

"ዕቃው ምን አደረገህ?" አሉ የኔታ። "ሞተርህ እኮ ከሥር ያንኳኳል።"

"አሁን ነው የጀመረው?"

"ቁልቁለቱን ከወረድን ጀምሮ። ያኔም እንዲሁ ነበር።"

"ያኔ መቼ?"

"ባለቤትህ ነፍሷን ይማርና፣ አምና በጥቅምት ከደብረ ታቦር ስታመጡኝ። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ መሃል። ከበሮ እንደሚመታ ሰው ከሥር ሲያንኳኳ ሰምቼ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ደህና ነው ወይ ብላት ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። አንተ እንዴት ነው ብለህ ስትጠይቃት ደግሞ መዳፏን ዘረጋችልህ።"

መኪናውን አቆምኩት። ቀዝቃዛ ዘይት ያለበት ሞተር ሁሉ ጤነኛ ይመስላል፤ ግቢዬ ውስጥ መርፌው ያን ያህል የተነሣው ዘይቱ ስላልሞቀ ነው። ብሮንዞቹ፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች፣ አልቀዋል። ያለቁትም ዛሬ አይደለም። እሷ ሰምታለች፤ ሰምታም ደህና ነው ብላኛለች፤ አንድ ቀን ሳይሆን ወራት ሙሉ። ተናደድኩ። በሙት መናደድ የማይረባ ነገር መሆኑን እያወቅኩ ፊቴ እስኪግል ተናደድኩ። "ለምን ዋሸችኝ?" አልኳቸው። "ሞተሬን ጨረሰችው እኮ!"

"እኔም ጠይቄያታለሁ" አሉ የኔታ። "ስንወርድ ለብቻዋ አገኘኋትና ለምን ትደብቂዋለሽ አልኳት። ‘ብነግረው ይቆማል አባቴ። ሞተሩን ለማውረድ ወራት ያስፈልገዋል፤ እኔ ደግሞ ወራት የሉኝም። እኔ እስካለሁ አብረን እንሂድ’ አለችኝ።"

ሕመሟን በዚያን ጊዜ ታውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ የሰማሁት ከገና በኋላ ነው።

"አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቀየመኝ" አሉ የኔታ። "መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ታቃስት ነበር። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ፣ ድምፅ አውጥታ። አንተ ግን መንገድህን እያየህ ታፏጫለህ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላልክም። እንዴት ያለ ጨካኝ ሰው ነው ብዬ ታዝቤህ ነበር። ለካ አትሰማም።"

ከጥቅምት እስከ ገና በዚያ ኮረኮንች ላይ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል፤ ጉድጓዱ ሁሉ ታወሰኝ። እኔ ሞተሩን ስጠይቃት እኖር ነበር። እሷን አልጠየቅኳትም፤ የምጠይቃት አልመሰለኝም፣ አጠገቤ ስለነበረች። ወርጄ ከመኪናው ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተሳፋሪዎቹ መኪናው ተበላሸ ብለው በእግራቸው ቀጠሉ፤ የገብሱ ባለቤቶች ተልኮባቸው አህዮቻቸውን ነድተው መጡና ጭነታቸውን ተካፍለው ወሰዱ። የኔታ ጭነቱ ተነሥቶ እስኪያልቅ አጠገቤ ቆይተው፣ ራሴን በመስቀላቸው ዳስሰው፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ወደ ቤተ ልሔም ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ትደውልልኛለች። ስልኩ ውስጥ የንብ ድምፅ የመሰለ ነገር እሰማለሁ፤ ቆም ሲል "እሺ፣ ጥሩ ነው፣ ደህና ነኝ" እላለሁ፤ እንዳታውቅብኝ ቶሎ እዘጋዋለሁ። እናቷን አጠገቤ ቁጭ ብላ ያልሰማሁ ሰው፣ ልጄ ከባሕር ዳር ምን ስትነግረኝ ነው የከረመችው?

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ማንሣቷን ያወቅኩት ከስልኩ መብራት ነው። "ዝም ብለሽ ስሚኝ" አልኳት። "በስልክ አልሰማሽም። ሰምቼሽ አላውቅም። እንዳታውቂብኝ ብዬ ነው። መኪናው ሞተሩ አልቋል፣ መንገድ ላይ አቁሜዋለሁ። እኔም ከእንግዲህ አልነዳም። ስትችዪ ነይና የነገርሽኝን ሁሉ ፊት ለፊቴ ሆነሽ ንገሪኝ።" ንቡ ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። ያለችውን ሳላውቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ጥርስ እንደመንቀል ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ መጣች። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባሶቹን አንድ በአንድ ሳይ፣ ከአንዱ ላይ ልጄ የበሩን እጀታ ይዛ፣ እግሯን እየፈለገች፣ ቀስ ብላ ወረደች። ቀሚሷ ከፊት ተወጥሯል። የምትወልድበት ጊዜ ተቃርቧል።

ዓይኔን ከሆዷ ላይ አንሥቼ ፊቷን አየሁት። እያለቀሰች ነበር። ተጠጋችና ከንፈሯን ትንሽ በሚሻለው ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ "የዚያን ቀን በስልክ ማርገዜን ስነግርህ ‘ጥሩ ነው’ ብለህ ዘጋኸው። አባዬ አልተደሰተም ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ" አለችኝ።

"አልሰማሁም፣ ልጄ" አልኳት። "እንደገና ንገሪኝ።"

መናኸሪያው መሃል፣ ሰው እየገፋን፣ ባጃጅ እየዞረን፣ እንደ አዲስ ነገረችኝ።